የሠርካለም እንቅልፍ

ነርሷ ትራሱን ደልደል አድርጋ «በይ አሁን ጋደም በይ» ስትላት ሠርካለም የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ጭራሽ ቀና አለች። የተሰፋው ሆዷ ነዘራት፤ ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው። ልጇ ከተወለደ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ጎኗ ፍራሹን የነካው ኦፕራሲዮን በሆነችበት ዕለት፣ መነሣት እስክትችል ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብላ ታጠባለች፣ ቁጭ ብላ ትበላለች፤ ሲያሸልባትም ቁጭ እንዳለች ነው፤ ያውም ልጁ በአማቷ እቅፍ ውስጥ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ።

«ስፌቱ ይከፈትብሻል እኮ» አለች ነርሷ።

«አይከፈትም። ለምጄዋለሁ።»

«እንቅልፍ ማጣት ይለመዳል እንዴ?»

ሠርካለም ልጁን ከአማቷ ተቀብላ ማጥባት ጀመረች። ልጁ ጠግቦ ጡቷን ሲለቅ አማቷ እማማ አልጣሽ ከአልጋው ግርጌ ካነጠፉት ሰሌን ላይ ተነሥተው ተቀበሏት። ነርሷ ይህን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። በእሷ ቤት እማማ አልጣሽ ምራታቸውን ልጇን አላስታቅፍ ያሉ ክፉ አማት ናቸው፤ በዚህም የተነሣ አራቱን ቀን ሙሉ ፊት ነስታቸዋለች። አሮጊቷ ይህን አላጡትም። ነገሩ እንዲህ አይደለም ብሎ ማስረዳት ግን ሌላውን ነገር ማውጣት ስለሚሆንባቸው ዝም ብለው ቻሉት።

ሌላው ነገር ይህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሠርካለም የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ሁለት ቀን አምጣ፣ ሪፈር ተጽፎላት ሌላ ከተማ ተወስዳ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ወንድ ነበር፤ ምሳው አሉት። ስትወጣ ለሕመሙ ክኒን ተሰጣትና በየስድስት ሰዓቱ ሳታቋርጪ ዋጪ ተባለች። አላቋረጠችም። እማማ አልጣሽ ራሳቸው በልጃቸው ሞባይል ሰዓቱን እያስነበቡ፣ በሌሊት ሳይቀር እየቀሰቀሱ ያስውጧት ነበር። ምሳው የማያለቅስ ልጅ ሆነ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጨዋ ልጅ፣ እናቱን የማያስቸግር እየተባለ ተመሰገነ። በዘጠነኛው ቀን ንጋት ላይ ከእናቱ ጎን ቀዝቅዞ ተገኘ።

«ተጭናዋለች» ተባለ። ማን መጀመሪያ እንዳለው ሠርካለም አታውቅም፤ ስትነቃ ቃሉ ቤቱ ውስጥ ነበር። ያን ሰሞን እንቅልፏ ከባድ እንደነበረ፣ ጠርተው ጠርተው እንደሚያጧት ራሷም ታውቃለች። ስለዚህ አመነች። ልጁ ክርስትና ሳይነሣ ስለሄደ በወጉ ፍታት እንኳ አላገኘም። የንስሐ አባቷ ቄስ ገብረ ሊባኖስ የአምስት ዓመት ቀኖና ሰጧት፤ ጾም፣ በየቀኑም ስግደት። ሌላ ሴት ብትሆን በዛብኝ ትል ነበር። ሠርካለም አነሰኝ ብላ አለቀሰች።

ሁለተኛው ሊወለድ ሲቃረብ ቤተሰቡ ተቀምጦ መከረ። ልጁ እንደተወለደ የባሏ እኅት ባንቺ ትወስደዋለች፤ የሰባት ወር ልጅ ታጠባለችና ወተት አላት፤ እስኪጠነክር ከእሷ ዘንድ ያድጋል። ባሏ ምንዋጋው መሬት መሬት እያየ ተስማማ። አሁን እሱ የታጨደ ገብሱን ሊከምር በአገራቸው በደሃና ቀርቷል። ሠርካለም ዛሬ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ባንቺም ማለዳ ከደሃና በተነሣው መኪና ሆስፒታሉ ያለበት ሰቆጣ ትገባና በዚያው መኪና ስምንት ሰዓት ላይ አብረው ይመለሳሉ። ልጁ የሚገባው ግን ባንቺ ቤት ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ፋርማሲስቱ ወንዳወቅ በሩን አንኳኩቶ ገባ።

ወንዳወቅን ያወቀችው በአምስተኛ ወሯ ነው። ለእርግዝና ክትትል የመጣች ቀን አዋላጇ የመጀመሪያው ልጅሽ በምን ሞተ ብትላት «በእኔ» ብላ መለሰችላት። አዋላጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሠርካለም በፌስታል ጠቅልላ ያመጣቻቸውን የድሮ ወረቀቶች አገላብጣ አንዱን ይዛ ወጣችና ከመድኃኒት ክፍል ወንዳወቅን ይዛ ተመለሰች። እሱ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ያ ክኒን ስንት ቀን እንደተዋጠ፣ ልጁ መጥባት የቀነሰው በስንተኛው ቀን እንደሆነ፣ ሰገራ ይወጣው እንደነበር ሳይቀር ጠየቃት። በዚያው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ለጥናት ከሰው ደም እየወሰደ ወደ አዲስ አበባ ይልክ ነበር፤ የእሷንም አስጨመረ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስም ካርዷ ላይ በቀይ ቀለም ሁለት መድኃኒት ጽፎ እንዳይሰጣት ብሎ አሰመረበት። ለምን እንደሆነ ግን ሙሉውን አልነገራትም። ጥርጣሬዬ ከተሳሳተ በቁስል ላይ ቁስል ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው፤ በዚህ እኔ አልፈርድበትም።

ለእሷና ለአማቷ የነገራቸው «የዘረመል ምርመራ» ብሎ ነው። ለዚህ ቃል በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አቻ ፈልጎ ያጣው ወንዳወቅ በአማርኛው ትቶት ሄደ። እማማ አልጣሽ ወደ አገራቸው ሲመለሱ «መል»ን መንገድ ላይ ጥለው «ዘር»ን ብቻ ይዘው ገቡ። የሠርካለም ዘር እየተመረመረ ነው ተባለ። ዘሯ ምን ቢሆን ነው የሚለው ወሬ ወላጆቿ እስካሉበት ጽጽቃ ድረስ ሄዶ አባቷ ከአማቾቻቸው ጋር ለሁለት ወር ሳይነጋገሩ ቀሩ።

ወንዳወቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከጋዋኑ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ውጤቱ መጥቷል» አለ።

እማማ አልጣሽ ልጁን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «ዘሯ ምን ተገኘበት?»

«ምንም አልተገኘበትም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ልትነግረን መጣህ? እኛ እኮ ስናጭ ሰባት ቤት ቆጥረን፣ ዘሯን አጠያይቀን ነው። አንድ ነውር አላየንም።»

ወንዳወቅ የተማረውን ለማስረዳት ሞከረ። መጀመሪያ ስለ ጉበት ተናገረ፤ ከዚያ ኢንዛይም የሚባል ነገር አመጣ፤ ከዚያ ወረቀቱን ዘርግቶ ፊደልና ቁጥር አሳያቸው። ሁለቱም ሴቶች በትሕትና አዩለት። ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ወረቀቱን አጠፈና ባጭሩ ተናገረ፦ ያ ኮዴይን የሚባለው ክኒን ሲዋጥ ደካማ ነው። ኃይል የሚያገኘው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲለወጥ ነው። በአብዛኛው ሰው ቀስ ብሎ ጥቂት ጥቂት ይለወጣል፤ በሠርካለም ሰውነት ግን ቶሎም ብዙም ይለወጣል። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ከእናት ከአባቷ የወረሰችው ነው።

እማማ አልጣሽ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው እንደ ጠላ ነው በለና» አሉ። «እኔና ጎረቤቴ ደብሬ ብቅሉንም ጌሾውንም ከአንድ ገበያ ነው የምንገዛ። የእኔ ጋን በሦስት ቀን ያፈላዋል፤ የእሷ ሳምንት ይፈጃል። የእኔን የጠጣ ሰው ግድግዳ ይዞ ነው የሚወጣ።»

«እንደዚያው ነው፣ እማማ» አለ ወንዳወቅ፤ ነገሩ ይህን ያህል መቅለሉ ትንሽ አሳፈረው። «የሠርካለም ጋን ፈጣን ነው። በሽታ አይደለም፣ ነውርም አይደለም። በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። እርስዎም ይኖርዎ ይሆናል።»

«እኔም?» አሉ እማማ አልጣሽ። የዘሩ ማጣራት ዞሮ እሳቸው ቤት ሲገባ አልተመቻቸውም።

ሠርካለም አልሳቀችም። የእሷ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር።

«ኃይሉ ሲበዛ የት ይሄዳል?» አለች።

ወንዳወቅ ለዚህ ጥያቄ አራት ወር ሲዘጋጅ ቆይቷል። «ግማሹ ወደ አንቺ፤ ለዚህ ነው እንቅልፍሽ እንደዚያ የከበደው። ግማሹ ወደ ወተትሽ» አለ። «ከወተትሽ ወደ ሕፃኑ። ሕፃን አቅም የለውም። መጀመሪያ እንቅልፍ ያበዛል፣ መጥባት ይቀንሳል፣ አያለቅስም። ከዚያ ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል።»

እማማ አልጣሽ ወደ ሰሌናቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው ለብዙ ጊዜ ፊቱን አዩት።

«ጨዋ ልጅ ያልነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰዓት እየጠበቅሁ ያስዋጥኳት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። የሰጠነው እኛ የመድኃኒት ሰዎች ነን» አለ ወንዳወቅ። «እኔም በዚህ እጄ ለስንት እናት ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። አብዛኞቹን አልጎዳም፤ የትኛዋን እንደሚጎዳ ግን ሳላውቅ ነበር። አሁን ለምታጠባ እናት መስጠት ትቻለሁ።»

ሠርካለም ከመስኮቱ ውጭ ልብስ ያሰጡ አስታማሚዎችን ታያለች። ፊቷ ላይ ደስታም ኀዘንም አልነበረም። «ዶክተር፣ እንዳልተጫንኩት ይማሉልኛል?» አለች። ወንዳወቅ ዶክተር አይደለሁም ማለቱን ከተወ ቆይቷል።

«አልምልም። ያን ሌሊት አልነበርኩም። የነገርሽኝ ሁሉ ግን፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ መጥባት መቀነሱ፣ እንቅልፉ፣ ሁሉም የመድኃኒቱ ምልክት ነው። ይህን በእርግጠኝነት እልሻለሁ።»

ቢምልላት ኖሮ ምናልባት ታምነው ነበር። አለመማሉ ከፋት፤ በልቧ ግን ሐቀኛነቱን አልጠላችውም። ወንዳወቅ አሁን የምትወስደው ክኒን ሌላ ዓይነት መሆኑን፣ እንዲያ እንደማይለወጥና ልጇን እንደማይጎዳ ነገራት። ትንሽ ካርድ አውጥቶም «ኮዴይንና ትራማዶል አይሰጣት» ብሎ ጻፈላትና የትም ስትታመም እንድታሳይ፣ እኅቶቿም ቢወልዱ ይህንኑ ለሐኪም እንዲናገሩ አስጠነቀቃት። ካርዱን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ከዚያ እማማ አልጣሽን ስልካቸውን ለመነቻቸው። የደወለችው ለባሏ አልነበረም።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። በሰላም ተገላገልሽ?» አሉ ቄስ ገብረ ሊባኖስ። ማሳ ላይ ናቸው፤ በድምፃቸው ውስጥ ነፋስ ይሰማል።

መናገር ሲያቅታት ወንዳወቅ ስልኩን ተቀብሎ ሁሉንም አስረዳቸው፤ በዚህ ጊዜ ከጠላው ጀመረ። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ ስልኩን ለእሷ እንዲሰጣት ጠየቁ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያኔ ተኝተሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ እንጂ ምን ውጠሽ ነበር አላልኩሽም። የቀረውን ስግደት ተይው። የእኔ ነው፤ እኔ እሰግደዋለሁ።»

ሠርካለም ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። ሆዷ በሳቅም በልቅሶም ያማታልና በአንድ እጇ ስፌቱን ደግፋ ነው ያለቀሰችው። እማማ አልጣሽም አብረው አለቀሱ። ነርሷ ገብታ አይታቸው ተመልሳ ወጣች።

ቀኖናው ተነሣላት። ፍርሃቱን ግን ቄሱም ወንዳወቅም ሊያነሡላት አልቻሉም። ልጁን ስጡኝ አላለችም፤ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አስደግፋ አሁንም ቁጭ እንዳለች ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ባንቺ ልጇን በአንቀልባ አዝላ፣ በአዲስ ፎጣ የተጠቀለለ የሕፃን ልብስ ይዛ ገባች። የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ ሠርካለምን ግንባሯን ሳመች፣ ሕፃኑን ተቀበለችና በኽምጣኛ መረቀችው። ባንቺ አንጀተ ቡቡ ሴት ናት። ሠርካለምን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቀና ብላ አይታት አታውቅም፤ ሠርካለም ይህን ከጥላቻ ነው የምትቆጥረው።

እማማ አልጣሽ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። ባንቺ ሳታቋርጣቸው ሰማች። ስትሰማ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ታዲያ ልጁን አልወስደውም?» አለች ሲጨርሱ።

ወንዳወቅ ለመውጣት በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቆመ። ሁሉም ወደ ሠርካለም አዩ።

«ውሰጂው» አለች። «ወረቀቱ ስለ ክኒኑ ነው የሚያውቀው፣ እትዬ ባንቺ። ስለ እኔ እንቅልፍ አያውቅም። ላዩ ላይ ተኝቼ ካገኛችሁኝ ተኝቼበታለሁ።»

ባንቺ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። «ላዩ ላይ ተኝተሽ ያገኘሽ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ። ስነቃ ተብሎ ነበር።»

«ያገኘሁሽ እኔ ነኝ» አለች ባንቺ። «ተጭናዋለች ያልኩትም እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ እሳት ላነድ ገብቼ አየኋችሁ። አንቺ በጎንሽ ተኝተሻል። እሱ በጀርባው ነው። እጅሽ ደረቱ ላይ ነበር።»

«እጇ ብቻ?» አለ ወንዳወቅ።

ባንቺ አንድ እጇን ነጻ አደረገችና በታቀፈችው ሕፃን ደረት ላይ አሳረፈችው። ሕፃኑ አልነቃም። «እንዲህ» አለች። «እጇ ብቻ። ፊቱ ክፍት ነበር፣ ጋቢውም አልሸፈነውም። ስነካው ቀዝቅዟል። ደንግጬ ጮኽኩ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። ሰው ተሰበሰበ፤ ከዚያ በኋላ ምን አየሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።»

«ክንዴስ?» አለች ሠርካለም።

«ክንድሽ ፍራሹ ላይ ነበር።»

«ደረቴስ? ደረቴ አልነካውም?»

«በመካከላችሁ ሌላ ልጅ የሚያስተኛ ቦታ ነበር።»

ሠርካለም ሦስት ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ የምታየው አንድ ነገር ነበር። ሙሉ ገላዋ፣ ክብደቷ ሁሉ፣ በዚያች ትንሽ ደረት ላይ። ጎድን አጥንቶቹ ሲሰበሩ ትሰማ ነበር። ስትሰግድ ግንባሯ መሬት በነካ ቁጥር ከሥሯ ያለ ይመስላት ነበር። አሁን ባንቺ ያየችውን ተናገረች፤ ያየችውም እጅ ነው። እንደ ማንኛዋም እናት ልጇ መኖሩን ለማወቅ በእንቅልፍ ልቧ ደረቱ ላይ ያሳረፈችው እጅ።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ባንቺን በጥፊ ብትመታት ወደደች። «ሦስት ዓመት» አለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አልመጣላትም። ባንቺ ልጇን እንዳዘለች፣ ሕፃኑን እንደታቀፈች አልጋው ሥር ተንበረከከችና ይቅር በይኝ አለቻት። ሠርካለም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ ለዛሬ አልሆነላትም። ብቻ «ተነሺ፣ ያ ልጅ ከጀርባሽ ይወድቃል» አለቻት።

የባንቺ ስልክ ጠራ። የመኪናው ረዳት ነው፤ ሰው ሞልቷል፣ እናንተን ብቻ ነው የምንጠብቀው ይላል። ባንቺ ስልኩን በእጇ ሸፍና «ምን ልበለው?» አለች።

«ይሂድ በይው» አለች ሠርካለም። «እኔና ልጄ ነገ እንመጣለን።» ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋችና ልጁን ከባንቺ ተቀበለችው።

ወንዳወቅ አልጋው እስከ ነገ እንዲቆይላት ነርሷን ሊያነጋግር ወጣ። ብዙም መለመን አላስፈለገውም፤ ነርሷ እንድትተኛላት አራት ቀን ስትጨቀጭቃት የቆየች ናት። ራሷ መጥታ ትራሱን ዝቅ አደረገችላት፤ ሕፃኑን ከጎኗ በጀርባው አስተኝታ ልብሱ ፊቱን እንዳይነካው እጥፍ አድርጋ ሄደች። ሠርካለም ስፌቷን ደግፋ ቀስ እያለች ወረደች። መጀመሪያ ክርኗ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ በመጨረሻ ጎኗ ፍራሹን ነካ። ወገቧ እስኪሰማ ድረስ ተንቋቋ።

እማማ አልጣሽ እንደ ልማዳቸው ከሰሌኑ ተነሥተው ልጁን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«ይተዉት፣ እማማ» አለች ሠርካለም። «እርስዎም ትንሽ ይረፉ። አይጠብቁን።»

እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈችና ዓይኖቿን ጨፈነች።